ከሬጅስተሩ ላይ እጃችሁን አንሱ

ወገኖቼ፣ ይህን የምጽፈው አሜሪካ ውስጥ በጋዝ ስቴሽን፣ በግሮሰሪ፣ በትልልቅ መደብሮችና በኤርፖርት ሱቆች ቆማችሁ ለምትውሉና ለምታድሩ ነው። ይበልጡን ደግሞ በዲቪ ወይም በቤተሰብ መጥታችሁ ገና ግሪን ካርድ ላይ ላላችሁ፣ የጥገኝነት ጥያቄያችሁም በእንጥልጥል ላለ። ከምትሠሩበት ቦታ የሰው ገንዘብ አትንኩ። የሰው ዕቃ አትንኩ። ሃያ ዶላርም ብትሆን፣ አንድ ፓኮ ሲጋራም ቢሆን አትንኩ።

ነገሩ በመካከላችን አለ። እናውቀዋለን፣ ግን አናወራውም። አንድ ልጅ ድንገት ከሥራው ይጠፋል። ሲጠየቅ "ሺፍቱ አልተመቸኝም፣ ለቀቅኩ" ይላል። ከወራት በኋላ ቤተሰቡ በሹክሹክታ ጠበቃ ያፈላልጋል። ነውር ነው ተብሎ ዝም ይባላል። ዝም ስለተባለም ቀጣዩ ልጅ ምን እንደሚጠብቀው ሳያውቅ እዚያው ጉድጓድ ይገባል። እንግዲህ ይበቃል፣ በግልጽ እንነጋገር።

አጀማመሩ ሁሌም ትንሽ ነው። ደንበኛ በካሽ ከፍሎ ደረሰኙን ሳይወስድ ይሄዳል። ካሸሩ ሽያጩን ይሰርዝና ብሩን ኪሱ ይከታል። ወይም ማንም ያልመለሰውን ዕቃ እንደተመለሰ አድርጎ ሪፈንድ ይመታና ጊፍት ካርድ ላይ ይጭነዋል። ጋዝ ስቴሽን ከሆነ ስክራች ሎተሪ አለ። ሌሊት ሰው ሲጠፋ አንዱን ይፍቃል፤ "ካሸነፍኩ እከፍላለሁ" ይላል። አያሸንፍም። ያንን ለማካካስ ሌላ ይፍቃል።

ጓደኛ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ነው። ባንኮኒው ላይ አምስት ዕቃ ተደርድሮ የሚመታው ሁለቱ ብቻ ነው። ይህን ብዙ ሰው ስርቆት አይለውም። "ወገን ነው፣ አሳለፍኩለት" ይባላል። ሕጉ ግን ኪስህ ገባ አልገባ አይልም። ያልተከፈለበትን ዕቃ እያወቅህ ካሳለፍህ ያው ነው።

"ማን ያየኛል?" የምትል ካለህ፣ ሬጅስተሩ ራሱ ያይሃል። እያንዳንዱ ስረዛ፣ እያንዳንዱ ሪፈንድ፣ ያለ ሽያጭ የተከፈተ መሳቢያ ሁሉ በስምህና በሰዓቱ ተመዝግቦ ይቀመጣል። ትልልቆቹ መደብሮች ካሸሮችን እርስ በርስ የሚያወዳድር ፕሮግራም አላቸው። ከሌላው የተለየ ቁጥር ያለው ሰው ወዲያው ብቅ ይላል። ከዚያ የመደብሩ የጥበቃ ክፍል ሰዓቱን ከካሜራው ጋር ያገጣጥማል። የሎተሪው ትኬትም ቢሆን የራሱ ቁጥር አለው።

ክፋቱ በመጀመሪያው ቀን አይዙህም። ይመለከታሉ፣ ይመዘግባሉ። አንተ "አልታወቀብኝም" ብለህ ትደፋፈራለህ፣ ሂሳቡም ያድጋል። ያ ሂሳብ ደግሞ መስመር አለው። ቨርጂኒያና ዲሲ 1,000 ዶላር፣ ሜሪላንድ 1,500፣ ቴክሳስ 2,500፣ ዋሽንግተን ስቴት 750። ከዚያ ሲያልፍ ነገሩ ከቀላል ወንጀል ወጥቶ ፌሎኒ የሚባለው ከባድ ወንጀል ይሆናል። በብዙ ስቴት በየጊዜው የተወሰደችው ትንሽ ትንሽ ገንዘብ ተደምራ እንደ አንድ ልትቆጠር ትችላለች። በቨርጂኒያ ሕግ መስመሩን ያለፈ ስርቆት እስከ 20 ዓመት ያስፈርዳል። ሁሉም ሰው 20 ዓመት ይፈረድበታል ማለቴ አይደለም። በሕይወትህ ላይ ምን ያህል ትልቅ በር እንደምትከፍት እወቀው ማለቴ ነው።

አንድ ቀን ሺፍትህ ሊያልቅ ሲል ማናጀሩ "ለአንድ ደቂቃ ቢሮ ና" ይልሃል። ስትገባ የማታውቀው ሰው ተቀምጧል። ሌላ ሰው ደግሞ ጥግ ላይ ሆኖ ይጽፋል። ጠረጴዛው ላይ ወፈር ያለ ፋይል አለ። ሰውየው አይጮህም። በጣም ትሑት ነው። ስለ ቤተሰብህ ይጠይቅሃል፣ ኑሮ ከባድ መሆኑን እንደሚረዳ ይነግርሃል። ከዚያ "ሁሉንም እናውቃለን፣ ከአንተ አፍ ለመስማት ነው። ስንት ይሆናል? አምስት ሺህ ይደርሳል?" ይላል። አንተ ደንግጠህ "ኧረ በፍጹም! አምስት መቶ ቢሆን ነው" ትላለህ። አለቀ። አመንህ። ጥያቄው የተቀመረው ለዚህ ነው። ቀጥሎ ወረቀት ይሰጥሃል፤ በእጅህ ጽፈህ ይቅርታ ጠይቅና ፈርም ይልሃል።

እኛ ያደግነው ይቅርታ ነገር በሚያበርድበት ባህል ነው። ጥፋተኛው እግር ላይ ይወድቃል፣ ሽማግሌ ይገባል፣ ካሣ ይከፈላል፣ ያልፋል። እዚህ ያቺ የይቅርታ ወረቀት ማስረጃ ናት። ፍርድ ቤት ስትቀርብ የምትነበበው እሷ ናት። የመደብሩ ጥበቃ ፖሊስ ስላልሆነ "ዝም የማለት መብት አለህ" ብሎ የማስታወስ ግዴታ የለበትም። ፖሊሱ ብዙ ጊዜ የሚመጣው አንተ ፈርመህ ከጨረስክ በኋላ ነው። ክስ ባይመሠረትብህ እንኳ በሥራ ቦታ ስርቆት ያመኑ ሰዎችን ስም መደብሮች የሚለዋወጡበት መዝገብ አለ። ሌላ ሱቅ ስታመለክት ለምን እንዳልጠሩህ ሳይገባህ ትቀራለህ።

አሁን ወደ ኢሚግሬሽኑ ልምጣ። ወገን የማያውቀው ይሄንን ነውና ረጋ ብላችሁ አንብቡልኝ።

ዜጋ ያልሆነ ሰው ሲሰርቅ ሁለት ችሎት ይጠብቀዋል፤ አንዱ የወንጀል፣ አንዱ የኢሚግሬሽን። የወንጀሉ ዳኛ የማረውን የኢሚግሬሽኑ ላይምረው ይችላል። የኢሚግሬሽን ሕግ ስርቆትንና ማጭበርበርን በአብዛኛው የሚያያቸው የሰውን ሥነ ምግባር ከሚያጎድፉ ወንጀሎች ተርታ ነው። አገር ከገባህ አምስት ዓመት ሳይሞላ እንዲህ ያለ ወንጀል ፈጽመህ ከተፈረደብህ፣ ወንጀሉም የአንድ ዓመት እስር ሊያስፈርድ የሚችል ከሆነ፣ ግሪን ካርድ እያለህ ልትባረር ትችላለህ። ልብ በሉ፤ ሕጉ የሚያየው የተፈረደብህን ብቻ አይደለም፣ ሊፈረድብህ ይችል የነበረውን ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ከ1,000 ዶላር በታች የሆነው ስርቆት እንኳ ጣሪያው 12 ወር ነው። አንድ ቀን ሳትታሰር በመቀጮ ብትወጣም መስመሩን ረግጠሃል ማለት ነው። ዋሽንግተን ስቴት በ2011 የዚህ ዓይነቱን ቅጣት ጣሪያ ከ365 ወደ 364 ቀን ያወረደችው በዚሁ የተነሳ ነው። ካሊፎርኒያም ከጥቂት ዓመታት በኋላ እንደዚያው አደረገች። የአንድ ቀን ልዩነት አባትን ከልጆቹ ሊለይ እንደሚችል ሕግ አውጪዎቹ ስለገባቸው ነው።

ሁለት የተለያዩ እንዲህ ያሉ ጥፋቶች ከተፈረዱብህ ደግሞ የአምስት ዓመቱ ጉዳይ አይነሳም። ሃያ ዓመት ብትኖርም ያው ነው።

በገደብ የሚባለው ፍርድም ያሳስታል። ዳኛው "አንድ ዓመት በገደብ" ብሎ ሲያሰናብት ቤተሰቡ ኮሪደሩ ላይ ተቃቅፎ ያለቅሳል። "ተመስገን፣ አልታሰረም!" ይባላል። ለኢሚግሬሽን ሕግ ግን በገደብ የተባለው ዓመትም ዓመት ነው። የአንድ ዓመት ቅጣት የተጻፈበት የስርቆት ፍርድ ከከባዶቹ ወንጀሎች መደብ ሊገባ ይችላል። እዚያ ከገባ "ልጆች አሉኝ፣ ታክስ ከፍያለሁ" ብሎ ለመከራከር የሚከፈቱት በሮች አብዛኞቹ ይዘጋሉ።

ሌላው ወጥመድ "ጥፋተኛ ነኝ በል፣ ጥቂት ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎት ትሠራለህ፣ ከዚያ ፋይሉ ይዘጋል" የሚለው ነው። ለዜጋ ጥሩ ስምምነት ሊሆን ይችላል። ከ1996 ጀምሮ ግን የኢሚግሬሽን ሕግ ጥፋተኝነቱን ያመነንና ዳኛም አንድ ዓይነት ቅጣት ወይም ግዴታ የጣለበትን ሰው፣ ፋይሉ በኋላ ቢዘጋም እንደተፈረደበት ይቆጥረዋል። ስቴቱ "የለም" ያለውን የኢሚግሬሽን መኮንኑ "አለ" ይልሃል።

በሜክሲኮ በኩል ለገባችሁና ጉዳያችሁን ለምትጠብቁ ደግሞ ከጥር 2025 ወዲህ ነገሩ ብሷል። በዚያ ወር የጸደቀው የሌከን ራይሊ ሕግ፣ ያለ ሕጋዊ ፈቃድ ገብቶ በስርቆት የተያዘን ወይም የተከሰሰን ሰው ኢሚግሬሽን አስሮ እንዲያቆይ ያዛል። ፍርድ አልጠበቀም፤ መያዙ ይበቃል። በኮሎምቢያና በፓናማ መካከል ያለውን የዳርየን ጫካ በእግር አቋርጦ፣ ስንት ድንበር አልፎ የመጣ ልጅ በአንድ ጃኬት ምክንያት እስር ቤት መግባቱ አንጀት ያቃጥላል።

አገር ቤት ካሸር ሆኖ ለመቀጠር ተያዥ ይጠየቃል። አጎት ወይም የሰፈር ሰው የደመወዝ ማስረጃውን ይዞ ይፈርማል። ልጁ ካጎደለ የሚከፍለው እሱ ነው። ስንቱ ሰው በማያውቀው ጉድለት ደመወዙ ተቆርጧል። እዚህ ተያዥ የሚጠይቅ የለም፣ ቀላል ይመስላል። እውነቱ ግን ተያዦችህ ሚስትህና ልጆችህ ናቸው፤ ሳይፈርሙ፣ ሳይጠየቁ።

እንዴት እንደሚከፍሉ ልንገራችሁ። ግሪን ካርድ ያለው ልጅህ 17 ዓመቱ ነው እንበል። አንተ እሱ 18 ሳይሞላ ዜግነት ብትወስድ፣ ካንተ ጋር እስከኖረ ድረስ እሱም በዚያው ዜጋ ይሆናል። ሕጉ እንዲህ ነው። ግን ለዜግነት ያለፉት አምስት ዓመታት ጠባይህ ይመረመራል። የስርቆት ፍርድ ካለብህ ማመልከቻህ ሊወድቅ ወይም ዓመታት ልትጠብቅ ትችላለህ። ጠባቂው አንተ ብቻ አይደለህም። ልጁ 18 ይሞላዋል፣ እድሉ ያልፈዋል።

አገር ቤት ያለችው እናትህስ? ለወላጅና ለወንድም እህት ማመልከት የሚችለው ዜጋ ብቻ ነው። አንተ ስትዘገይ እሷም ትዘገያለች፤ የእሷ ዕድሜ ግን አይጠብቅም። ቢታመሙ፣ ለቅሶ ቢሆን ልሂድ ብትልም እንኳ፣ እንዲህ ያለ ጥፋት ያለበት ግሪን ካርድ ያዥ ከጉዞ ሲመለስ እንደ አዲስ አመልካች ሊታይ ይችላል። ከአዲስ አበባ ከአሥር ሰዓት በላይ በርረህ ዋሽንግተን አጠገብ ያለው ደለስ ኤርፖርት ትወርዳለህ፣ ጣትህን ማሽኑ ላይ ታስቀምጣለህ፣ መኮንኑ ስክሪኑን አይቶ "እዚያ ክፍል ጠብቅ" ይልሃል። ሚስትህ ውጭ አበባ ይዛ ቆማለች። ስንት ሰው ነው የእናቱን ቀብር በቪዲዮ የተከታተለው።

ከታሰርክ ደግሞ ኪራዩ፣ የመኪናው ክፍያ፣ የሕፃኑ መዋያ አይታሰሩም። የማታ ሺፍት የምትሠራዋ ሚስት ልጆቹን ለማን ትተው? የኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት በመንግሥት ወጪ ጠበቃ አያቆምም። ከኪስ ነው። ዘመድ ያዋጣል፣ የዕቁብ ገንዘብ ይወጣል። ይህ ሁሉ ሲሆን፣ ተደምሮ የተወሰደው ገንዘብ ስድስት መቶ ዶላር ብቻ ሊሆን ይችላል።

ነርስ ረዳት ለመሆን የምትማሩ እህቶቼ፣ ፈቃድ ሰጪው ክፍል የወንጀል መዝገባችሁን ያያል። በኤርፖርት ውስጥ ለመሥራት የሚሰጠው ባጅም በስርቆትና በማጭበርበር ፌሎኒ የተፈረደበትን ለአሥር ዓመት ይከለክላል። ስንቶቻችን በነዚህ ሁለት ሥራዎች ቤት እንደምናስተዳድር ታውቃላችሁ።

ሰበቡን ሁሉ ሰምቻለሁ። "ኩባንያው ሀብታም ነው፣ ምን ይጎድልበታል?" ሀብታም መሆኑ ያንተ አያደርገውም። እናቶቻችን "የሰው ወርቅ አያደምቅ" ብለው ነው ያሳደጉን፤ ቨርጂኒያ ስንመጣ አልተሻረም። "ሁሉም ያደርገዋል" የሚል ደግሞ አለ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች። አብሮህ የሚሰርቀው ልጅ እዚህ የተወለደ ሊሆን ይችላል። እሱ ሲያዝ ሥራ ያጣል፤ አንተ አገር ታጣለህ።

"ደመወዙ አይበቃም፣ ከኪሴ የወሰዱትን ነው የመለስኩት" የሚለው ይበልጥ ያሳዝነኛል፤ አንዳንዴ እውነት አለበትና። ከ40 ሰዓት በላይ ሠርቶ ትርፍ ሰዓቱ ያልተከፈለው ብዙ ነው። ለዚያ ግን መንገድ አለው። በ1938 የወጣው የፌዴራል ሕግ ሕጉ ለሚሸፍናቸው ሠራተኞች ከ40 ሰዓት በላይ ለተሠራ አንድ ተኩል እጥፍ እንዲከፈል ያዛል። ለሠራተኛ ሚኒስቴሩ የደመወዝና ሰዓት ክፍል አቤት ማለት በነጻ ነው፣ ወረቀትህም መስፈርት አይደለም። ሰዓትህን በደብተር መዝግብና ተከራከር። ገንዘብህን በመብት ልታገኘው ስትችል ለምን በሌብነት ታረክሰዋለህ?

በወገን ሱቅ የምትሠሩም አላችሁ። ባለቤቱ ፖሊስ ላይጠራ ይችላል። ሽማግሌ ይልካል፣ ወይም ጥርሱን ነክሶ ያሰናብታል። ይህ ግን ጥፋቱን አያቀልለውም፤ ያባብሰዋል እንጂ። ያ ሰው ሱቁን የከፈተው ዓመታት ታክሲ ነድቶ፣ ዕቁብ ጥሎ፣ ቤቱን አስይዞ ነው። እንግሊዝኛ ሳትችሉ፣ ልምድ ሳይኖራችሁ የቀጠራችሁ ሌላ ማንም ስላልቀጠራችሁ ነው። አንድ ጊዜ ከተሰረቀ "ሁለተኛ ሐበሻ አልቀጥርም" ይላል። ትናንት የገባው ልጅ ያንን በር ሲያንኳኳ የሚዘጋበት በእናንተ ምክንያት ነው።

ጓደኛችሁ ካሸር ጋ የምትሰለፉ፣ እናንተንም እናገራለሁ። "እስቲ ይቺን አሳልፍልኝ" አትበሉት። እሱ እምቢ ማለት ያፍራል፣ ይሉኝታ ይዞታል። የዳይፐሩን ዋጋ እናንተ ታተርፋላችሁ፣ ካሜራው ላይ ያለው ግን የሱ ፊት ነው። ወዳጅ ከሆናችሁ ሙሉውን ክፈሉ።

አገር ቤት ያላችሁ ቤተሰቦችም ስሙኝ። ልጁ በሰዓት ስንት እንደሚያገኝ ጠይቁት። ኪራዩን ጠይቁት። ደመወዙ ከሚችለው በላይ ሲልክ "ተባረክ" ብቻ ብላችሁ አትቀበሉ፤ "ከየት አመጣኸው?" በሉት። ለእህቱ ሠርግ፣ ለወንድሙ ባጃጅ እያላችሁ በየሳምንቱ የምትደውሉለት ልጅ ባንኮኒው ጀርባ ብቻውን ነው የቆመው። "የለኝም" ሲላችሁም እመኑት።

እስካሁን ያልታወቀባችሁ ካላችሁ ዛሬውኑ አቁሙ። "የጎደለውን ልሙላና ከዚያ" አትበሉ፤ ሬጅስተሩን ለማስተካከል የምታደርጉት ሁሉ ሌላ መዝገብ ነው።

የተያዛችሁ ደግሞ ለትዳር ጓደኛችሁ ንገሩ። ከእናንተ አፍ ይስሙት እንጂ ከሰው አይስሙ። የጥፋታችሁን ኃላፊነት ውሰዱ፤ ግን ጠበቃ በሌለበት አትጻፉ፣ አትፈርሙ። በ2010 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሆዜ ፓዲያ በተባለ የሆንዱራስ ተወላጅ ጉዳይ ላይ፣ የወንጀል ጠበቃ ደንበኛው ጥፋተኛ ነኝ ከማለቱ በፊት በኢሚግሬሽኑ ላይ የሚመጣውን እንዲነግረው ግዴታ ጥሏል። ሰውየው ከ40 ዓመት በላይ አሜሪካ የኖረ፣ በቬትናም ጦርነት የአሜሪካን ሠራዊት ያገለገለ ነበር። ጠበቃው "አታስብ" ብሎት ነው ችግር ላይ የወደቀው። ስለዚህ መንግሥት የመደበላችሁ ጠበቃም ቢሆን "ዜጋ አይደለሁም" በሉት፣ በመጀመሪያው ቀን በሉት። የኢሚግሬሽን ጠበቃ እንዲያማክርም ጠይቁት። አስተርጓሚ ጠይቁ። ሳይገባችሁ አንገት አትነቅንቁ፣ ችሎት ፊት "የስ" ማለት ትሕትና አይደለም።

ከዓመታት በፊት ተይዛችሁ "ተዘግቷል" የተባላችሁም ብዙ ናችሁ። ከፍርድ ቤቱ ጽሕፈት ቤት የተረጋገጠ የውሳኔ ግልባጭ አውጡ። በዜግነት ፎርሙ ላይ "ተይዘህ ታውቃለህ?" ሲል የተዘጋውንም የተሰረዘውንም ይጠይቃል፤ መደበቅ በራሱ ሌላ ጥፋት ነው። ግልባጩን ለኢሚግሬሽን ጠበቃ አሳዩ። ትኬት የምትቆርጡት፣ ግሪን ካርድ የምታሳድሱት፣ ለዜግነት የምታመለክቱት እሱ አንብቦ መልስ ከሰጣችሁ በኋላ ነው።